ለአራሷ ያልደረሰው ሳህን

እማዬ፣

ካንቺ ከተለየሁ ሁለት ዓመት ከአምስት ወር ሆነኝ። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልሽ ረስቼሽ አይደለም። አፍሬ ነው። ስንት ጊዜ ወረቀት አውጥቼ ስለ ቤቱ፣ ስለ ጓሮው፣ ስለ ዝናቡ ጀምሬልሽ፣ ወደዚያ ነገር ስደርስ እጄ እምቢ እያለኝ አጣጥፌ አስቀምጬዋለሁ። ዛሬ ሳልጨርስ አልነሳም ብዬ ተቀምጫለሁ።

አስቀድሜ የቤቱን ልንገርሽ። አሁን የምኖረው ባንቺ ቤት ነው። ባለቤቴ ሥራው ዳንግላ ስለሆነ ቅዳሜ መጥቶ ሰኞ ማለዳ በሚኒባስ ይመለሳል፤ የቀረውን ቀን ብቻዬን ነኝ። የድንጋዩ ንጣፍ መንገድ በራችን ድረስ ደርሷል፤ ጫማ ይዞብን የሚቀር ጭቃ የለም። ላሟን አዘና ላሉ ዘመዶቻችን ሰጠናት፤ እኔ ቢሮ ውዬ የሚያልባት አልነበረም። ጓዳው ውስጥ ፍሪጅ ገብቷል። የቀርከሃውን አጥር አፍርሰን በቆርቆሮ ቀየርነው። አንቺና እትዬ ውዴ በአዊኛ እያወራችሁ፣ እኔ እንዳልሰማ ድምፃችሁን ዝቅ እያደረጋችሁ ትስቁበት የነበረው ቦታ አሁን ድፍን ቆርቆሮ ነው። ሲሠራ ያምር ነበር። ሌባም አያስገባም አልኩ። እትዬ ውዴ ከወዲያ በኩል ቆመው ሠራተኞቹን ያዩ ነበር።

ልጅ ሆኜ ሳህን ማድረስ እጠላ እንደነበር ታስታውሻለሽ? በነጭ ጨርቅ ሸፍነሽ «ለውዴ አድርሺ፣ መንገድ ላይ አትቁሚ» ትይኝ ነበር። ጓደኞቼ እያዩኝ ሳህን ይዤ መሄድ ያሳፍረኝ ነበር። አንድ ቀን፣ የፋሲካ ሰሞን፣ ጨርቁን ገልጬ ዕንቁላሉን በላሁት። ማንም አላየኝም ብዬ ነበር። ማታ ራት ሲቀርብ የእኔን ድርሻ አንስተሽ «ይሄን ለውዴ ውሰጂ፤ የሷን አንቺ በልተሻል» አልሽኝ። አልመታሽኝም፣ አልተቆጣሽኝም። ባዶ ሆዴን ተኛሁ። በማግስቱ ጠዋት ግን ቁርሴን አብዝተሽ ሰጠሽኝ፤ ያንንም አልረሳሁም። እንዴት እንዳወቅሽብኝ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ምናልባት ከአፌ ጥግ አስኳል አይተሽ ይሆናል።

የመጨረሻዋን ሳምንትሽንም አስታውሳለሁ። ሆስፒታል ተኝተሽ፣ ድምፅሽን ከፍ ማድረግ አቅቶሽ፣ በዓይንሽ ጠራሽኝ። ጎንበስ ስል «ጓዳ ያለው እርጎ እንዳይበላሽ፣ ለውዴ ስጫት» አልሽኝ። ሌላ ትልቅ ነገር የምትነግሪኝ መስሎኝ ነበር። «እሺ እማዬ» አልኩሽ። አላደረስኩትም። ከቀብርሽ ስንመለስ እርጎው ሻግቶ አገኘሁት፤ ቅሉን አጥቤ ሰቀልኩት። ያኔ ሐዘኑ በዝቶብኝ ነው ብዬ ራሴን ይቅር አልኩት። አሁን ሳስበው በኋላ የመጣውን ሁሉ ከዚያ ቀን ነበር መማር የነበረብኝ።

እንግዲህ ወደ ነገሩ ልግባ።

በአርባሽ ጸሎት ብቻ አድርገን፣ ትልቁን ድግስ ለሙት ዓመትሽ አቆየነው። ፍልሰታ ተፈቶ፣ የነሐሴ ዝናብ እንደ ጉድ በሚወርድበት ሰሞን፣ እሑድ ቀን ደገስን። አንዳርጌ ከጫግኒ ስልክ ደውሎ «እናታችን አንድ ናት፤ ሰው እንዳይስቅብን» አለኝ። እኔም ከሱ ብሼ ተገኘሁ። ሁለት በሬ ተጣለ። ጋጋሪዎቹ ይበቃል ሲሉኝ ጨምሩ አልኩ። ወጥ ሠሪዋ «ልጄ፣ ይሄ ሁሉ ማን ሊበላው ነው?» ስትለኝ እንደ ስድብ ቆጠርኩት። ማዘን ማለት ማብዛት መስሎኝ ነበር፤ ድስቱ በተለቀ ቁጥር አንቺን የወደድኩሽ ይመስለኝ ነበር።

እትዬ ውዴ ከዋዜማው ጀምረው እኛ ቤት ነበሩ። ሽንኩርት ሲልጡ ዓይናቸውን በክንዳቸው እየጠረጉ «እናኑ ተገላገለች እኮ፤ ስምንት ቀኗ» አሉኝ። ልጃቸው እናኑ፣ አንቺ ጸጉሯን ትሠሪላት የነበረችው፣ ወልዳ እናቷ ቤት ታርሳ ነበር። «እንኳን ማርያም ማረቻት!» አልኩ። በደንብ ነው ያልኩት፣ ፈገግ ብዬ። ብዬም ሳህን ልቆጥር ሄድኩ።

እሑድ ሰዉ መጣ፣ በላ፣ ጠጣ፣ «ነፍስ ይማር» ብሎ ሄደ። ካሰብነው ግማሹ ነበር የመጣው። ዝናቡ የገጠሩን ሰው አስቀረው። አንዳርጌ ራሱ ጥቂት ሰዎች ይዞ መጥቶ በዚያው ቀን ሲመለስ «ማክሰኞ የሚስቴን ዘመዶችና የገበያ ባልንጀሮቼን በሙሉ በአንድ መኪና ይዤ እመጣለሁ፤ ጓዳውን እንዳትነኪ» አለኝ። ጓዳውን ቆለፍኩት። ቁልፉን ወገቤ ላይ አሰርኩት።

ከግቢ ለማትወጣው አራስ አንድ ሳህን አልላክሁም፣ እማዬ። ከነሱ ቤት እስከ እኛ ቤት ሃያ እርምጃ አይሞላም። አንቺ በደጅ ለምታልፍ ነፍሰ ጡር እንኳ «ሽታው ደርሷታል፤ ትምጣና ትቅመስ» የምትይ ሰው ነበርሽ። እኔ ልጅሽ፣ የወጡ ሽታ ሦስት ቀን ሙሉ በቆርቆሮው ላይ ተሻግሮ አራስ ቤት ሲገባ፣ አንድ ጊዜ እንኳ አላሰብኩም።

ሰኞ ጠዋት እትዬ ውዴ መጡ። የበሩን መቃን ይዘው ቆሙና «የሺ፣ እናትሽ ብትኖር ይሄን እህል ዛሬውኑ ነበር የምታዳርሰው። ሰማዩ ጥቁር ነው፤ እንጀራው ድርቆሽ እንኳ አይሆንልሽም። ሴቶቹን ልጥራልሽ?» አሉኝ።

ያልኩትን ቃል በቃል ልጻፍልሽ፤ ሳላሳምር። «እትዬ ውዴ፣ የእናቴን ተዝካር ትራፊ ነው ብዬ ለጎረቤት አላድልም። ደግሞ ከጫግኒ የሚመጡ እንግዶች አሉብኝ» አልኩ።

«እሺ ልጄ» ብለው ተመለሱ። ስለ እናኑ አንድ ቃል አላነሱም። ለልጃቸው ሊለምኑ መጥተው እንደነበር፣ ልመናውንም ለሰፈሩ ሁሉ ምክር አስመስለው እንዳቀረቡት የገባኝ ዘግይቶ ነው። ያን ክረምት የሚሠሩትን የቀርከሃ ወንበርና ቅርጫት የሚገዛቸው አልነበረም፤ ድንቻቸውም ገና ከመሬት አልወጣም ነበር። ይህንንም ያወቅኩት በኋላ ነው። አንቺ ብትሆኚ ሳይነግሩሽ ታውቂ ነበር።

ማክሰኞ ኔትወርክ ጠፍቶ ዋለ። ረቡዕ አንዳርጌ በስልክ ተገኘና «መንገዱ በጎርፍ ተበላሽቷል፣ አልመጣንም፤ በቃ እናንተው ብሉት» አለኝ። ረቡዕ ጾም ነው። ሐሙስ ከቢሮ ስመለስ ጓዳውን ከፈትኩት።

ሽታው ነው መጀመሪያ የተቀበለኝ። የእንጅባራን የነሐሴ እርጥበት ታውቂዋለሽ፤ የታጠበ ልብስ ሳምንት የማይደርቅበት አገር። ከታች ያለው እንጀራ አረንጓዴ ፀጉር አብቅሏል። ወጡ አረፋ ደፍቋል። ፍሪጁ ውስጥ ያስቀመጥኩት ሥጋ እንኳ መብራት ሲጠፋ ሲመጣ ተበላሽቷል። ላይ ላይ ያለው እንጀራ ግን ደህና ነበር፤ ድፎ ዳቦዎቹም አብዛኞቹ ደህና ነበሩ። እነዚያን እንኳ ማዳረስ እችል ነበር። ግን ሰኞ ያንን ተናግሬ ሐሙስ ግማሹ የሻገተ እህል ይዤ በየትኛው ፊቴ የሰው በር ላንኳኳ? ኩራቴ ከእህሉ በለጠብኝ። ደህናውንም መጥፎውንም አብሬ ልጥለው ወሰንኩ፤ ማንም ሳያየኝ።

ዓርብ በምሳ ሰዓት ዝናቡ ሲጠነክር፣ መንገዱ ላይ ሰው ሲጠፋ፣ ባጃጅ ጠራሁ። ሁለት ማዳበሪያ እንጀራና ዳቦ፣ አንድ ባልዲ ወጥ ጫንኩ። ሾፌሩ ሸበት ያለ ሰው ነበር። «ምንድን ነው?» አለኝ።

«የቤት ጥራጊ ነው። እዚያ ገደሉ አፋፍ አድርሰኝ» አልኩት።

ገና ከበራችን እንደወጣን ጎማው ድንጋይ መታና የባልዲው ክዳን ሸሸ። ወጡ ወለሉ ላይ ፈሰሰ፤ በሾፌሩ ጫማ ሥር ሄደ። አቆመ። ወርዶ የማዳበሪያውን አፍ ገለጥ አድርጎ አየ። ከዚያ እኔን አየኝ።

«ይሄ እኮ እህል ነው» አለ።

ጎንብሼ የባልዲውን ክዳን መለስኩ።

«እህቴ፣ እኔ እህል ጭኜ ገደል አልሄድም። ውረጂ።»

አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ማዳበሪያዎቹንና ባልዲውን አንድ በአንድ፣ እንደሚሰበር ዕቃ ቀስ አድርጎ መሬት ላይ አሳረፋቸውና ሄደ። ቀና ስል የቆምኩት እትዬ ውዴ በር ላይ ነው። ዝናቡ ይወርዳል፤ እንጀራው ይርሳል፤ እኔ የቢሮ ልብሴን ለብሼ መሐል ቆሜያለሁ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ተመኘሁ።

በሩ ተከፈተ። እትዬ ውዴ ራሳቸው ላይ ፌስታል አጥልቀው ወጡ። ማዳበሪያዎቹን አዩ። እኔን አዩ። ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅሁ። «እህል ሜዳ ላይ አይጣልም። አስገቢው» አሉኝ።

ጓሯቸው ጥግ ላይ በዶማ መቆፈር ጀመሩ። ልቀበላቸው እጄን ብዘረጋ አልሰጡኝም። ሲጨርሱ ቁጢጥ ብለው ማዳበሪያውን ገለበጡና መምረጥ ያዙ። እያንዳንዱን ዳቦ ያነሳሉ፣ ያሸታሉ፣ ይቆርሳሉ። ደህናውን ሳፋ ውስጥ፣ የተበላሸውን ጉድጓድ ውስጥ። ከሳፋው ውስጥ ስንት ዳቦ እንደገባ ብታዪ፣ እማዬ። አብሬያቸው ተቀምጬ እመርጥ ጀመር። ባንቺ ስም የተጋገረውን፣ ካህናት የባረኩትን፣ እዚያ ጭቃ ላይ ከሻገተው እለያለሁ። ጉድጓዱ ሲሞላ አብረን በእጃችን አፈር መለስንበት። እትዬ ውዴ አፈሩን በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው፣ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አስነክተው «ይቅር በለን» አሉ። ይቅር በላት አላሉም። ይቅር በለን ነው ያሉት።

ሁለተኛ የቀበርንሽ መሰለኝ። የመጀመሪያው ቀን ሰው ሁሉ ደግፎኝ ነበር፤ ያን ቀን ግን በእጄ አፈር ያለበስኩሽ እኔ ነኝ።

ከውስጥ ሕፃን አለቀሰ። እትዬ ውዴ እጃቸውን እየታጠቡ «ግቢ፣ ረጥበሻል» አሉኝ። ገባሁ። እናኑ መደቡ ላይ ጋቢ ለብሳ ሕፃኗን ታጠባለች። ፊቷ ቀጥኖ ዓይኗ ብቻ ቀርቷል። እሳቱ ላይ የተጣደው ድስት ውስጥ ከገበያ ተለቅሞ የመጣ ደቃቅ ድንች ይፈላ ነበር። ሌላ ነገር አልነበረም። ለአራስ፣ እማዬ። ገንፎ የለ፣ ቅቤ የለ፣ አጥሚት የለ።

«እንዴት ነሽ እናኑ?» አልኩ፤ ሌላ ምን እላለሁ።

«ደህና ነኝ እትዬ የሺ። ተዝካሩ እንዴት ነበር? ሽታው እዚህ ድረስ ይመጣ ነበር» አለችኝ። ፈገግ አለች። «ደስ የሚል ሽታ ነበር። እናትሽን አስታወሰኝ።»

በክፋት አልነበረም ያለችው። ክፋት ቢኖርበት መልስ አገኝለት ነበር።

መሬት ላይ ተንበርክኬ አለቀስኩ። «ይቅር በሉኝ፣ ትራፊ መስጠት ነውር መስሎኝ ነው» አልኩ። እትዬ ውዴ ሳፋውን እሳቱ ዳር አስቀምጠው ዳቦውን እያደረቁ፣ ሳያዩኝ መለሱልኝ።

«እናትሽ ትራፊ ሰጥታን አታውቅም። ምን ጊዜም ቢሆን እናንተ ሳትቀምሱ ነበር የምታነሳልን። አንቺ ልጅ ነበርሽ፣ አላስተዋልሽም። እኔን የከፋኝ መከልከልሽ አይደለም፣ የሺ። ንብረትሽ ነው፤ ብትበይው ምንም አልነበረም። ማንም ሳይበላው መቅረቱ ነው።»

በማግስቱ ቅዳሜ የገብስ ገንፎ አገንፍቼ፣ ቅቤ አፍስሼበት ወሰድኩላት። እናኑ በላች፤ «እግዜር ይስጥልኝ» አለችኝ። ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም። አንድ ሳህን ገንፎ ያንን ጉድጓድ አይሸፍነውም።

አሁን ደግሞ ሁለተኛውን ኀፍረቴን ስሚኝ፤ ከመጀመሪያው አያንስም። ዋሸሁ። አንዳርጌ ደውሎ «እንዴት ሆነ፣ ተበላ?» ሲለኝ «አዎ፣ አለቀ» አልኩት። ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ሰው እያቆመኝ «እንዴት ያለ ተዝካር ነው የደገስሽ! እናትሽን አኮራሻት» ሲለኝ አንገቴን ደፍቼ «ይስጥልኝ» እል ነበር። ትሕትና መሰላቸው። እትዬ ውዴ አንዳንዴ አጠገቤ ቆመው ይሰሙ ነበር። ለማንም ትንፍሽ አላሉም። ሚስጥሬን መጠበቃቸው ከምንም በላይ ያንገበግበኝ ነበር።

ወራት እንዲህ አለፉ። በጋ ገብቶ፣ የሰፈራችን ሴቶች እድር በተሰበሰበበት ቀን፣ አንዲት ሴትዮ ተነስተው ከሰፈራችን በታች ባለው ቦይ ውስጥ አንድ ማዳበሪያ የሻገተ እንጀራ ተጥሎ መገኘቱን ተናገሩ። «የኛ ሰው ይሄን አያደርግም። እነዚህ ከሌላ አገር መጥተው የተከራዩት ናቸው። እህል አያውቁም፤ አከራዮቻቸው ያስወጧቸው» አሉ። ሌሎቹም አጉረመረሙ፣ ተስማሙ። ከተከራዮቹ አንዷ እዚያው በሩ አጠገብ ተቀምጣ ነበር፤ አዲስ አባል ናት። ፊቷ ደም መሰለ። ልትናገር አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው።

ተነሳሁ።

«ያንን የጣልኩት እኔ አይደለሁም» አልኩ። «ግን እኔም ጥያለሁ። የእናቴን ተዝካር ጥያለሁ። ሁለት ማዳበሪያና አንድ ባልዲ። በጎረቤቴ አራስ እያለች ቆልፌበት፣ አሻግቼ፣ በዝናብ ደብቄ ልጥል ስል ባጃጅ አውርዶኛል። ስለዚህ ተከራይ አትበሉ። እኔ እዚሁ ነው የተወለድኩት።»

እትዬ ውዴ መሬት መሬት ያያሉ። ሰው ሁሉ አንቺን የሚያውቅ ነው፤ ባንቺ እጅ ያልበላ ሰው እዚያ ቤት ውስጥ አልነበረም። ስሜን ብቻ ሳይሆን ስምሽንም አዋረድኩት ብዬ አሰብኩ።

ከዚያ እትዬ ዘይነባ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ባለ ሱቋን ማለቴ ነው፤ አንቺ ዳቦ ስትጋግሪ ሥጋ ያልነካውን ዕቃ ለይተሽ የምትልኪላቸው። «ከጫግኒ የሚመጣልኝ ሙዝ ሲጠቁርብኝ በካርቶን አድርጌ እጥላለሁ። ለሰው ልስጥ ስል የተበላሸ ሰጠችኝ ይሉኛል እያልኩ እፈራለሁ» አሉ። ቀጥሎ አንዲት አሮጊት «ልጆቼ ከተማ ገብተው አልቀዋል፤ ለሁለት ሰው መጋገር አልለመድኩም፤ ለውሻ ነው የምሰጠው» አሉ። ሌላዋ ስለ ልጇ ሠርግ ተናገረች፤ ተናግራ አለቀሰች። ስለ ተከራዮቹ ያነሱት ሴትዮ ግን ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጣል አድርገው እስከ መጨረሻው አንድ ቃል አልተነፈሱም። ማንም አልጠየቃቸውም። ስንበተን በሩ አጠገብ ቆመው ያቺን ልጅ ትከሻዋን ያዝ አድርገው የሆነ ነገር ሲነግሯት አየሁ።

ያን ቀን ነው የተስማማነው። ድግስ ያለበት ቤት፣ ተጋባዥ ከመቀመጡ በፊት ሳህን ይወጣል፤ ለአራስ፣ ለታማሚ፣ መውጣት ለማይችል አረጋዊ። የቀረውም ፀሐይ ሳትጠልቅ ይዳረሳል፤ በማግስቱ ጾም ከሆነ ደግሞ ይፈጠናል። ማንም «ትራፊ» የሚባል ቃል አይናገርም። ለእድር የሚበቃ ትልቅ ነገር አይደለም፤ አንቺ ብቻሽን፣ ያለ ስብሰባ ታደርጊው የነበረው ነው።

በየቀኑ ያለው ግን ከድግሱ ይበልጥ ከበደኝ። የመጀመሪያ ቀን አንድ ሳህን የጎመንና የድንች ወጥ ይዤ እትዬ ዘይነባ በር ላይ ቆሜ፣ እንደ ልጅነቴ አፍሬ፣ ማንኳኳት አቃተኝ። ምን ብዬ ልጀምር? «ዛሬ በዝቶብኝ ነው» አልኩ በመጨረሻ። «ኧረ እሰይ! እኔም ምን ልሥራ ብዬ ተቀምጫለሁ» አሉኝ። ይኸው ነው። በቃ። ሦስት ቃል ነበር፤ ለሦስት ቃል ብዬ ስንት እህል ሬሳ አድርጌያለሁ።

አሁን ምግብ ከመጣዴ በፊት ጓዳውን አያለሁ። ያለውን ሳልጨርስ አዲስ አልሠራም። ድንቹ ማቆጥቆጥ ሳይጀምር አነሳዋለሁ። ሁልጊዜ ይሳካልኛል አልልሽም፤ ባለፈው ወር አንድ ማሰሮ አይብ ረስቼ ተበላሽቶብኛል። ቀኑን ሙሉ ከፋኝ።

የሁለተኛውን ሙት ዓመትሽን በልክ አደረግነው። አንድ በግ፣ ጥቂት ዳቦ፣ ሽሮ፣ ጎመን። ገና ካህናቱ ሳይቀመጡ ዘጠኝ ሳህን ከግቢ ወጣ። አንዳርጌ ከጫግኒ መጥቶ ዙሪያውን አየና «ይሄ ተዝካር ነው ቁርስ? እናቴን አሳነስሻት» አለኝ፤ ሰው እየሰማ። ወደ ጓሮ ወሰድኩትና ያለፈውን ዓመት ሁሉ፣ ቁልፉን፣ ገንፎውን፣ ባጃጁን፣ የእናኑን ቃል ነገርኩት። «አለቀ ያልኩህ ውሸት ነው» አልኩት። ከዚያ «ጓዳውን እንዳትነኪ ያልኩሽ እኔ ነኝ እኮ» አለ፤ ድምፁ የልጅ ድምፅ ሆኖ። ሲገባ የእትዬ ውዴን ጉልበት ሳመ። እሳቸው ለምን እንደሆነ ገብቷቸው ግንባሩን ሳሙት።

የእናኑ ልጅ አሁን ትሮጣለች። ወፍራም ናት፣ አታፍርም፤ ቤታችን ገብታ የቀረበውን አንስታ ትበላለች። እናቷ ስትቆጣት እኔ እከላከልላታለሁ። እናኑ ያንን ሰሞን አንስታብኝ አታውቅም። ምናልባት ረስታዋለች። እኔ ግን ልጅቷን ባየሁ ቁጥር ያ የእናቷ ፈገግታ ይመጣብኛል፤ ልጅቷ እንዳታየኝ ዞር እላለሁ።

እማዬ፣ ይቅር በይኝ ልልሽ አስቤ ነበር የጀመርኩት። እዚህ ስደርስ ግን ተውኩት። አንቺ ይቅር እንደምትይኝ አውቃለሁ፤ ቶሎ ነው የምትይኝ፣ እስክጨርስም አትጠብቂኝ። እኔ የምፈራው ከዚያ በኋላ እንዳይቀለኝ ነው። ቀለል ካለኝ እረሳለሁ፤ ከረሳሁ ደግሞ አንድ ቀን ጓዳ ቆልፌ ቁልፉን ወገቤ ላይ የማስር ሴት እሆናለሁ። ስለዚህ ይቅርታሽን አቆዪልኝ፤ ስንገናኝ እቀበልሻለሁ። እስከዚያው ኀፍረቴን አትንኪብኝ። ምጣዱ ሳይወርድ ከመቀመጫዬ የሚያስነሳኝ፣ «ማን ከቤት መውጣት አልቻለም?» ብሎ የሚያስጠይቀኝ እሱ ነው። እሱ እስካለ ድረስ አንቺን የምረሳበት ቀን አይመጣም።

ልጅሽ፣
የሺ